የዘመሮ ልጅ ዜማን ከማን ይማር?

ጠዋት ጠዋት በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግቢ የሚደረገውን ሰልፍ ቆም ብሎ የታዘበ ሰው ይህን ሳያስተውል አይቀርም። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል መዝሙሩን የሚያስጀምረው ድምፁ ጎላ ያለ፣ ደፋር የተባለ ልጅ ነው። ልጁ በመጣለት ድምፅ ይጀምራል። አነሳሱ ከፍ ያለ እንደሆነ ዜማው ሽቅብ በሚወጣበት ላይ የግማሾቹ ድምፅ ይሰነጠቃል፤ ሌሎቹ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ፤ የቀሩት ይጮኻሉ። ዝቅ ያለ እንደሆነ ደግሞ ታናናሾቹ ያጉተመትማሉ። ከፊት የቆሙት መምህር "ጠንከር አድርጋችሁ!" ይላሉ። ልጆቹም እንደታዘዙት ጠንከር አድርገው ይጮኻሉ። ከዚያ በየሰልፋቸው ወደ ክፍል ይገባሉ።

የዚህ መዝሙር ዜማ የሰሎሞን ሉሉ ድርሰት ነው፤ ባለሙያ የተጨነቀበት ዜማ ነው። ለብዙ የገጠርና የትንንሽ ከተማ ልጆች ግን በትምህርት ቤት የሚያገኙት የዕለቱ የሙዚቃ ትምህርት ይኸው ብቻ ነው፤ ያውም አስተማሪ የሌለው። ትክክለኛውን መነሻ ድምፅ የሚሰጣቸው፣ ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ የሚነግራቸው፣ መዘመርና መጮህ የተለያዩ መሆናቸውን የሚያሳያቸው የለም። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። በየዓመቱ ግን ሳይሠራ ያልፋል።

ይህን የምጽፈው በሰሜን ሸዋ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ የሆነችውን ዘመሮን እያሰብኩ ነው። የሕፃናት የሙዚቃ ትምህርት ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሮጠው ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ፒያኖ ወዳለበት ሳሎን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪና ወደሚደርስ ልጅ፣ በሰዓት ወደሚከፈለው አስተማሪ። ገብስና በግ የኑሮ መሠረት በሆኑበት፣ ልጅ ባና ተከናንቦ ከብት በሚጠብቅበት ደጋ ስለ ሙዚቃ ትምህርት ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ቅንጦት አይደለም። እንዲያውም አንድ ሕፃን ሙዚቃን ለመጀመር የሚያስፈልገው ዋናው ነገር ከአዲስ አበባው ሳሎን ይልቅ በዘመሮ ዙሪያ ሞልቷል። የጠፋው፣ ያንን ያለውን ነገር ትምህርት ብሎ የሚቀበለው ነው።

እስቲ ያለውን እንይ። የዘመሮ ልጅ ገና በአንቀልባ ሳለ እሹሩሩ ይሰማል። በእናቱ ጀርባ ሆኖ ቅዳሴ ያስቀድሳል፤ ከበሮና ጸናጽል ያያል። በጥምቀት ታቦት አጅቦ ይወርዳል። ነሐሴ ሲገባ ጅራፍ ያጮኻል፤ ቡሄ ሲደርስ ዱላውን ይዞ ከእኩዮቹ ጋር በየደጁ ይጨፍራል። መስከረም ሲጠባ እህቶቹ እንግጫና አደይ አበባ ይዘው ይዞራሉ። በሠርግ ማሲንቆ፣ በአጨዳና በውቂያ የደቦ ዘፈን፣ በለቅሶ ቤት ሙሾ ይሰማል። ሰባት ዓመት ሳይሞላው ጆሮው የሰማው ዜማ ብዙ ነው።

የቡሄን ጭፈራ ቀረብ ብሎ ላየው ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። አንዱ አውጪ ይሆናል፤ የቀሩት ይቀበላሉ፤ ዱላዎቹ በአንድ ምት መሬት ይመታሉ። አውጪው የባለቤቱን ስም በግጥሙ ውስጥ ማግባት፣ ቤት መምታት፣ ምቱም እንዳይሰበር መጠንቀቅ አለበት። ከልጆቹ ሁሉ የሚያንሰው በመጀመሪያው ዓመት ዱላውን መምታት ብቻ ነው የሚችለው፤ እሱንም እያዘገመ። በሁለተኛው ዓመት መቀበል ይጀምራል። ጎረምሳ ሲሆን አውጪ ይሆናል። ማንም ዕቅድ አልጻፈለትም፣ ማንም ነጥብ አልሰጠውም፤ ነገር ግን ምት መጠበቅን፣ ሰምቶ መመለስን፣ ድምፁን ከሌሎች ድምፅ ጋር ማዋሃድን፣ በቆመበት ግጥም መፍጠርን ደረጃ በደረጃ ተምሯል። የሕፃናት ሙዚቃ መምህራን በየትኛውም አገር የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚያጠፉት እነዚህኑ ለማስተማር ነው።

ዋሽንትም እንዲሁ ነው። እረኛው ከወንዝ ዳር ወይም ከቆላ የመጣ ሸምበቆ ያገኛል። አንጓውን አይቶ ይቆርጠዋል፤ ውስጡን ያጠራዋል። ቀዳዳዎቹ የሚያርፉበትን ቦታ በሜትር አይለካም፤ የሚለካው በገዛ ጣቶቹ ስፋት ነው። ወፍራም ሽቦ እሳት ውስጥ ከቶ እስኪቀላ ያግለዋል፤ በሱ አራት ቀዳዳ ይበሳል። ይነፋዋል፣ ያዳምጠዋል። ድምፁ ካልጣመው አንዱን ቀዳዳ ትንሽ ያሰፋዋል፤ ከተበላሸበትም ጥሎት ሌላ ይቆርጣል። መሣሪያው በጣት የተለካ ስለሆነ የልጁ እጅ ሲያድግ ዋሽንቱም ያድጋል። ይህ ልጅ ሳያውቀው የድምፅን ጠባይ እየተማረ ነው፤ ሸምበቆው ሲረዝም ድምፁ እንደሚወፍር፣ ቀዳዳው ሲሰፋ እንደሚቀጥን በእጁ ያውቃል። ከፍ ያለ ክፍል ደርሶ ስለ ድምፅ ሞገድ ሲማር ግን መምህሩ "ዋሽንትህን ይዘህ ና" አይለውም። ዋሽንቱ ከከብቶቹ ጋር ሜዳ ይቀራል፤ ትምህርቱም በሰሌዳ ላይ ይቀራል።

ልጅ የለመደውን ዜማ ወደ ክፍል የማስገባቱን ጉዳይ ሌላው ዓለም እንዴት እንደፈታው ማየት ይጠቅማል። የሃንጋሪው ሙዚቀኛ ዞልታን ኮዳይ (እ.ኤ.አ. 1882–1967) በገጠር እየዞረ የአገሩን ሕዝብ ዘፈኖች ሲሰበስብ ኖሮ በኋላ ልቡን ወደ ሕፃናት አዞረ። የደረሰበት ሐሳብ ቀላል ነበር። ልጅ ሙዚቃን በመሣሪያ ሳይሆን በገዛ ድምፁ ይጀምር፤ የሚጀምርበትም ዜማ ከአፍ መፍቻ ቋንቋው የተወለደ የአገሩ ዜማ ይሁን። በዚህ መንገድ የሃንጋሪ ትምህርት ቤቶች ሙዚቃን እንደ ንባብና እንደ ሒሳብ የሁሉም ልጅ አደረጉት። ኮዳይም ሆነ ጀርመናዊው ሙዚቀኛ ካርል ኦርፍ ሕፃናትን ያስጀመሩት በአምስት ድምፅ በተሠሩ ዜማዎች ነበር፤ ለትንሽ ልጅ ጆሮና ጉሮሮ ስለሚቀሉ። እነሱ አስበውና መርጠው የጀመሩበት ይህ አምስት ድምፅ በኛ አገር የትዝታ፣ የባቲ፣ የአምባሰልና የአንቺሆዬ ቅኝት መሠረት ነው። የዘመሮ ልጅ የተወለደው እዚያው ውስጥ ነው።

ከራሳችንም ሰዎች ይህን ቀድመው ያዩ ነበሩ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን በመጀመሪያዎቹ ዘመናት የመሩት አሸናፊ ከበደ አሜሪካ ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። ለኦርኬስትራ ከደረሷቸው ሥራዎች ታዋቂው ግን መነሻው የኢትዮጵያ እረኛና ዋሽንቱ ነው። የውጭውን ትምህርት በሚገባ የተማረ ሰው እረኛውን ለትልቅ መድረክ ይበቃል ብሎ ካሰበ፣ እረኛው ለገዛ ወረዳው ትምህርት ቤት የማይበቃበት ምክንያት አይገባኝም።

በወረቀት ላይ ችግር የለም። በ1986 ዓ.ም የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ የመጣው ሥርዓተ ትምህርት ሙዚቃን ከሥነ ውበት ትምህርት ጋር በአንደኛ ደረጃ አካቶት ነበር። አሁን በሥራ ላይ ባለው ሥርዓተ ትምህርትም "ክወናና ዕይታ ጥበባት" የሚባል የትምህርት ዓይነት አለ፤ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ድራማና ሥዕል በውስጡ ይገኛሉ። በሰሌዳ ላይ በተለጠፈው የክፍለ ጊዜ ድልድልም ስሙ አለ። በተግባር ግን ክፍለ ጊዜው የሚሰጠው ሰዓት ለጎደለበት መምህር ነው፤ መምህሩ የሠለጠነው በሌላ ትምህርት ይሆናል። አንዳንዴ ልጆቹ ከመጽሐፉ ላይ ሥዕል እንዲገለብጡ ይታዘዛሉ። አንዳንዴ የማሲንቆን ክፍሎች ስም በደብተራቸው ይጽፋሉ፤ ማሲንቆው ግን በአካል አይመጣም። ፈተና ሲቃረብ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ይወሰዳል፤ የሚቃወምም የለም። መምህሩን አልወቅስም። ያልተማረውን እንዲያስተምር የተፈረደበት እሱ ነው፤ ደመወዙም ለዋሽንት መግዣ የሚተርፍ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ ከባዱ ነገር በወላጅ ልብ ውስጥ ያለው ነው። "እኔ ለፍቼ የማስተምረው ሐኪም እንዲሆንልኝ ነው እንጂ አዝማሪ እንዲሆን ነው ወይ?" የሚል አባት በመንዝም በሌላም አገር አለ። በአገራችን አዝማሪ በሠርግና በድግስ ይፈለጋል፤ ተጫውቶ ሲጨርስ ግን ልጅ አይዳርለትም ነበር። ንጋት ላይ ባልና ሚስት ሆነው በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበላዎችም ዜማቸውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ከወላጆቻቸው ይወርሳሉ፤ ኅብረተሰቡ ግን ምርቃታቸውን ተቀብሎ እነሱን ራቅ አድርጎ ኖሯል። ሙያን እየወደዱ ባለሙያን መናቅ ልጆቻችንን የሚያስተምራቸው መጥፎ ነገር ነው። ይህ ንቀት ዕጣ ፈንታ እንዳልሆነ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ ምስክር አለ። የምንጃሩ ተወላጅ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ የተከበሩ የቤተ መንግሥት ሰው ነበሩ። ግጥምና ዜማ አዋቂነታቸው ከክብራቸው አልቀነሰም።

የሃይማኖት አባቶችና አጥባቂ ወላጆች የሚያነሱት ሌላ ሐሳብም አለ። ልጃቸው ወደ ዘፋኝነት እንዳይሳብ ይሰጋሉ። ይህን ስጋት ማናናቅ አይገባም። ለነዚህ ወላጆች ግን መንገዱ ሰፊ ነው። ዜማ አለ፣ መዝሙር አለ፣ በገና አለ። ከመንዝ በታች በይፋትና በወሎ ያለው ሙስሊም ወገናችንም ልጁን በመንዙማ ያሳድጋል። ጆሮው የሠለጠነ፣ ድምፁን የሚያውቅ፣ ምት የሚጠብቅ ልጅ ማሳደግ የሁሉም ቤት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

እንዲያውም ሕፃንን ዜማ በማስተማር በዚህ አገር ከቤተ ክርስቲያን የሚቀድም ተቋም የለም። አንድ ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ውዳሴ ማርያምን በዜማ ይቀጥላል፤ ከዚያ ጾመ ድጓና ድጓ ይከተላሉ። የኔታ ያዜማሉ፣ ልጁ ይቀበላል፤ እስኪጸናለት ይመላለስበታል። ከፍ ያለው ተማሪ ለታናሹ ያስቀጽላል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት የዜማ ዓይነቶች በጆሮ ይለያሉ። ከፊደሉ በላይ የሚጻፉት ምልክቶች፣ ድፋቱ፣ ቅናቱ፣ ይዘቱ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩና ሂደቱ፣ ድምፁ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ ይነግሩታል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህን የምልክት ሥርዓት ያደራጁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ፣ ዘመኑም የዐፄ ገላውዴዎስ እንደሆነ ያስተምራሉ። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ያለማቋረጥ ሕፃናትን ያስተማረ የዜማ ጽሕፈት በእጃችን አለ ማለት ነው። የአውሮፓን ኖታ የማያውቅ መምህር ይህን ካወቀ የሙዚቃ ማይም አይደለም።

ከዚሁ ቤት ግን የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ የሚወረስ፣ ሌላው የሚተው። ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚተረከውን ሁላችንም እናውቃለን። ሕፃኑ ከአጎቱ ከጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርት አልገባው አለ፤ ተገረፈ፤ ሸሽቶ ሄደ። ከዛፍ ሥር ሆኖ አንዲት ትል ደጋግማ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉን ስትወጣ አየና ተመለሰ። ስንተርከው ትኩረታችን ሁሉ በትሏ ጽናት ላይ ነው። ልጁ ለምን እንደሸሸ ግን ብዙም አናነሳም። የሸሸው ዱላ ፈርቶ ነው። ባይመለስ ኖሮስ? በየዘመኑ ከመምህር ዱላ ሸሽተው ያልተመለሱ ሕፃናት ስንት ይሆኑ? ትዕግሥትን ከልጁ ብቻ አንጠብቅ፤ ከሁሉ በፊት የሚታገሥ አስተማሪው ነው። መደጋገሙን፣ ሰምቶ መቀበሉን፣ ታላቅ ለታናሽ ማስተማሩን እንውረስ። አለንጋውን እንተወው።

አስተማሪ በአጠገብ መኖሩ ምን ያህል እንደሚወስን የታዋቂ ሰዎቻችን ሕይወት ያሳያል። ፒያኒስቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። ሙዚቃ ለመማር የቻሉት የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ከእህታቸው ጋር ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት በመላካቸው ነው፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ነበሩና ቤተሰቡ አቅም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም እስኪያርፉ ድረስ ያ የልጅነት ትምህርት አብሯቸው ኖረ። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ክራር ይጫወት ነበር። ፒያኖን ያገኘው ግን በአሥራ ስድስት ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ ዘግይቶ ቢጀምርም በዓለም መድረክ ላይ የሚጫወት ሰው ሆነ። ክራሩ ጆሮውን ቀድሞ አዘጋጅቶለት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለዘመሮ የሚስማማው ምሳሌ ግን የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ ነው። በገናን ያስተማራቸው ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ጎረቤት ነበር። የበገና ሊቅ የነበሩት አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በአቅራቢያቸው መኖር ሲጀምሩ ዓለሙ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። ልጁ ሰማ፣ ተጠጋ፣ ጠየቀ፤ አለቃም አልከለከሉትም። ያ ልጅ አድጎ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለዓመታት በገና አስተማረ። በደርግ ዘመን የበገና ትምህርት ተቋርጦ ድምፁ ሊጠፋ ሲቃረብ ሙያውን በሕይወት ካቆዩት ጥቂት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ብዙ ወጣቶች በገና ተሸክመው ሲሄዱ የምናየው እንዲህ ያሉ ሰዎች ስላልጣሉት ነው። የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ አዋቂ ለጎረቤት ልጅ በሩን ክፍት ማድረጉ ነው። መንዝ ውስጥ እንዲህ ያለ በር የለም የሚል ካለ ፈልጎ ስላላየ ነው።

ታዲያ ትንሽ ልጅን ሙዚቃ እንዴት እናስጀምር? ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላለ ልጅ መሣሪያ አያስፈልገውም። ዘምሩለት፣ አብራችሁት ዘምሩ፣ አጨብጭቡ። ዜማውን በቀስታና በፍጥነት፣ በጎላና በለሰለሰ ድምፅ ደጋግሙት፤ ልዩነቱን እንዲነግራችሁ ጠይቁት። መነሻ ድምፁን ለልጅ ጉሮሮ አስማሙት፤ ለጎልማሳ ወንድ የሚመቸው መነሻ ለልጅ ይወፍርበታል። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሙሉ ከመቀመጥ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ይሻላል። ጃፓናዊው ሺኒቺ ሱዙኪ ሦስትና አራት ዓመት የሆናቸውን ልጆች ቫዮሊን ሲያስተምር ወላጅ አብሮ እንዲቀመጥና እንዲያዳምጥ ያደርግ ነበር፤ ልጅ ቋንቋን ከእናቱ አፍ ሰምቶ እንደሚለምድ ሁሉ ሙዚቃንም በመስማትና በመደጋገም ይለምዳል ብሎ ያምን ስለነበር ነው። እናቱ ከሱ ጋር ስታዜም ያየ ልጅ የሙዚቃ ትምህርት ቅጣት አይመስለውም።

ከሰባት ዓመት በኋላ መሣሪያ ይምጣ። ዋሽንት ለትንሽ ጣት አጠር ተደርጎ ይቆረጣል፤ ዋጋውም ሸምበቆ ነው። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ነው፤ ልጅ ጭኑ ላይ አድርጎ መምታት ይችላል፤ ቅኝት ለመስማትም ከሱ የሚሻል መሣሪያ የለም። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ቢሆንም ድምፁን በጣት ፈልጎ ማግኘት ስለሚጠይቅ ጆሮው ትንሽ ለደረሰ ልጅ ይስማማል። አሥር አውታር ያለው በገና ከልጁ ቁመት ጋር የሚተካከል ስለሆነ ልጁ ጠንከር እስኪል ይቆይ። ከሁሉም በላይ ሴት ልጅን አትርሱ። ዋሽንት የወንድ እረኛ፣ ማሲንቆ የወንድ አዝማሪ ሲባል ስለኖረ ብዙ ሴት ልጆች መሣሪያ ሳይነኩ ያድጋሉ። ክራርን ለትልቅ ክብር ካበቁት ሰዎች መካከል ግን አስናቀች ወርቁና ሜሪ አርምዴ ይገኛሉ።

ስልክ ይህን ሁሉ ይተካል የሚል አለ። ስልክ ብዙ ሙዚቃ ያሰማል፤ ነገር ግን ልጁ ሲሳሳት አይሰማውም፣ ቆም ብሎ አይጠብቀውም፣ አይኑን አይቶ "እንደገና በል" አይለውም። የሚጠቅመው አዋቂ ሲይዘው ነው። የአያትን እሹሩሩ፣ የእረኛን ዋሽንት፣ የደቦ ዘፈንን ቀድቶ ለክፍል ማሰማት ይቻላል። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጠው አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙትን መጽሐፍ "ሰምና ወርቅ" ብለው ሰይመውታል፤ ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰው የመንዝን ሰው አነጋገርና ቅኔ ለዓለም የሚነገር ቁም ነገር አድርገው አይተውታል። የመንዝ ልጅ ራሱ የአያቱን ዜማ ለመስማት ሌላ ሊቅ ከውጭ እስኪመጣ ሊጠብቅ አይገባም።

ይህን ሁሉ ስናገር ጊዜውን ረስቼ አይደለም። በ2014 ዓ.ም ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት እስከ መንዝ ምድር ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። "ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ስለ ዜማ ታወራለህ?" የሚለኝ ሰው ይኖራል። አዎ፣ አወራለሁ። የተኩስ ድምፅ የለመደ ጆሮ ሌላ ድምፅ ያስፈልገዋል። ፈርቶ የኖረ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር በአንድ ድምፅ ሲያዜም ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል። ትምህርት ቤት ሲከፈት መጀመሪያ ልጁን ወደ ክፍል የሚመልሰው የሚወደው ነገር ነው፤ ዜማም ከሚወዳቸው ነገሮች አንዱ ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቢቆይ እንኳ ለዜማ ሰሌዳና ጠመኔ አያስፈልግም፤ የዛፍ ጥላና አንድ አዋቂ ይበቃል።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህራን፣ የክወናና ዕይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት እንዳይወሰድ ጠብቁት። በሳምንት አንድ ቀን ከአካባቢው አንድ ባለማሲንቆ ወይም አንድ ዋሽንት ነፊ ወደ ክፍል ጥሩ፤ ሲመጣ መምህር በሉት፣ እንደ መምህርም ክፈሉት፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆን እንኳ በልጆቹ ፊት ይከፈለው። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ በበዓል ቀን ለእንግዳ መቀበያ የምታዘጋጁትን የባህል ቡድን ዓመቱን ሙሉ ልጆች የሚማሩበት አድርጉት፤ ማሲንቆዎቹንና ከበሮዎቹንም በመጋዘን አትቆልፉባቸው። የአብያተ ክርስቲያናት አባቶች፣ የዜማ መምህራን በሰንበት ትምህርት ቤት ታናናሾቹን ያለ ዱላ እንዲያስጀምሩ ፍቀዱ፣ አበረታቱም። በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያላችሁ የመንዝ ልጆች፣ ለትውልድ ቀያችሁ ኳስና ደብተር ስትልኩ ጥቂት ክራር ጨምሩበት።

ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ከእናታችሁ የተማራችሁትን አንድ ዜማ አስተምሩት። ነገም ድገሙት።